ሁለት እግርና ሁለት ዛፍ

ባለፈው ዓመት መታወቂያዬን ለማሳደስ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። የተሰጠኝ ቅጽ ላይ «ሙያ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ከጣቴ አትረዝምም። «ጸሐፊ» ብዬ ጀመርኩና ብዕሬን አነሣሁ። ለመሆኑ ጸሐፊ ነኝ? እጽፋለሁ። ነገር ግን የቤት ኪራዬን የሚከፍለው ጽሑፌ አይደለም። ኪራዬን የሚከፍለው ትርጉም ነው፤ ትርጉም ሲጠፋ የሰው መመረቂያ ጽሑፍ አርማለሁ፤ በሠርግ ወራት ለሠርግ ፊልም ትረካ አዘጋጃለሁ፤ ሲብስ ደግሞ ለድርጅቶች የማስታወቂያ ቃላት እፈልጋለሁ። ስለዚህ በነጠላ ሰረዝ እየለየሁ ሁሉንም ደረደርኳቸው። ቅጹን የተቀበለችኝ ልጅ አየችና ፈገግ አለች። «እህቴ፣ አንዱን ብቻ ነው የሚፈለገው» አለችኝ።

አባቴ በሕይወት ኖሮ ቢሰማት ይመርቃት ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአርባ ዓመት በላይ በአንዲት ሲንጀር መኪና ፊት ተቀምጦ እኛን አሳድጓል። እኔ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው ስዘል ባየ ቁጥር መነጽሩን ዝቅ ያደርግና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» ይለኝ ነበር። ሌላ አይጨምርም። ወደ መርፌው ይመለሳል።

ይህን ተረት ለዓመታት ተሸክሜው ዞሬያለሁ። እውነት መሆኑን ወይም አለመሆኑን ቁጭ ብዬ የመረመርኩት ግን በወረዳው ቅጽ ምክንያት አይደለም። አንባቢዬ አይታዘበኝና፣ በጨዋታ ምክንያት ነው።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንድሜ ልጅ የሚኖረው ከእናቱ ጋር አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ነው። ክረምቱን ከእኛ ጋር ሊያሳልፍ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ አንድ ወፍራም መጽሐፍና አንድ ከረጢት ሙሉ ባለብዙ ገጽ የቁጥር ጠጠር ይዞ መጣ። ባለ አራት ገጽ አለ፤ ባለ ስድስት፣ ባለ ስምንት፣ ባለ ሃያ ገጽ አለ። ዝናቡ ቤት ሲያስቀምጠን «አክስቴ፣ እስቲ እንጫወት» አለኝ። ጎረቤታችን ያለውን ፋርማሲስትና የግቢውን ሁለት ተማሪዎች ጨመርንና አምስት ሆንን።

ጨዋታው ደንጅንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት ነው። እንደ ዳማ ወይም እንደ ቼዝ አንዱ አሸንፎ ሌላው የሚሸነፍበት አይደለም። አንድ ሰው መሪ ሆኖ ተረት ይተርካል፤ የቀሩት በተረቱ ውስጥ የየራሳቸውን ሰው ፈጥረው ይገባሉ። መሪው «ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከማዶ ጭስ ይታያል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። «በገመድ እሻገራለሁ» ያለ ሰው ይሳካለት ወይም አይሳካለት እንደሆነ ባለ ሃያ ገጹ ጠጠር ይነግረዋል። ሁሉም ሙያ አለው፤ ተዋጊ፣ ካህን፣ አስማተኛ፣ ሌባ፣ ሌላም ሌላም። ልምድ ሲያካብት ደረጃው ከፍ ይላል። የደረጃዎቹ ጣሪያ ሃያ ነው።

እኔ የመረጥኩት ባርድ የሚባለውን ነው። ባርድ መሣሪያውን አንግቦ ከጦረኞች ጋር የሚዞር፣ የሚዘፍን፣ የሚገጥም፣ የቆየ ታሪክ የሚያውቅ፣ ትንሽ አስማት ትንሽም ሰይፍ የሚችል ሰው ነው። «ይሄማ አዝማሪ ነው!» አልኩት። የወንድሜ ልጅ አዝማሪ አይቶ አያውቅም፤ ትከሻውን ነቀነቀ።

አራተኛው ደረጃ ላይ እስክደርስ ሁሉም ነገር ሰላም ነበር። አምስተኛው ሲመጣ ግን ልጁ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። «አክስቴ፣ በባርድነትሽ ትቀጥያለሽ ወይስ ሌላ ሙያ ትቀላቅያለሽ?»

ጥያቄው የወረዳዋ ልጅና የአባቴ ጥያቄ ነበር። ከመመለሴ በፊት አንድ ሳምንት ስጡኝ አልኳቸው፤ ሳቁብኝ።

*

በዚያ ሳምንት ስለ ባርድ አመጣጥ ያገኘሁትን አነበብኩ። ባርድ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1976፣ ዘ ስትራቴጂክ ሪቪው በተባለች ትንሽ መጽሔት ላይ ነው። ደግ ሽዌግማን የተባለ ሰው ከሦስት አገር ጨልፎ ሠራው፤ ከስካንዲኔቪያው ስካልድ፣ ከኬልቶቹ ባርድና ከደቡብ አውሮፓው ተዘዋዋሪ ዘፋኝ። እንግዲህ ባርድ ገና ሲወለድ ቅይጥ ነበር ማለት ነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ጋይጋክስ በጻፈው የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በዚያ መጽሐፍ ማንም ሰው ባርድ ሆኖ አይጀምርም። መጀመሪያ ተዋጊ ይሆናል። በተዋጊነት ቢያንስ አምስተኛ ደረጃ ከደረሰ በኋላ፣ ስምንተኛው ሳይደርስ ሰይፉን ትቶ ሌባ ይሆናል። በሌብነትም እንዲሁ አምስተኛውን አልፎ ዘጠነኛው ሳይደርስ ያን ይተዋል። ከዚያ ወዲያ ነው ድሩይድ በሚባሉት የጥንት የኬልት አዋቂዎች እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ መማር የሚጀምረው። ሕጉ የተጻፈው ከመጽሐፉ መጨረሻ፣ ከአባሪው ላይ ሲሆን፣ የሚጠይቀው ችሎታ ከመብዛቱ የተነሣ ጠጠሩ ፈቅዶለት ባርድ ለመሆን የሚበቃ ተጫዋች እምብዛም አይገኝም ነበር።

ይህን ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ቆየሁ። የደንቡ አውጪ ያሰበው ምናልባት የጨዋታውን ሚዛን ብቻ ይሆናል። ለእኔ ግን ሌላ ነገር ነገረኝ። ተዋግቶ የማያውቅ ስለ ጦር ምን ይዘፍናል? በጨለማ በሰው ቤት ግድግዳ ሥር ቆሞ ልቡ ደንግጦ የማያውቅ ስለ ፍርሃት ምን ይላል? በዚያ ሕግ መሠረት ዘፈን ከኑሮ በኋላ ይመጣል። ያለፉት ሙያዎች ለዘፈኑ ማገዶ ናቸው።

ደስ አለኝ። ለተበታተነው ኑሮዬ ምስክር ያገኘሁ መሰለኝ። ይሁን እንጂ ማንበቤን ስቀጥል ሌላ ምስክር ተነሣብኝ።

በጥንታዊት አየርላንድ ፊሊ የሚባሉ ሊቃውንት ገጣሚዎች ነበሩ። ሰባት ማዕረግ ነበራቸው፤ ከሁሉ በላይ የሆነው ኦላቭ ነው። የአየርላንድ የቆዩ ጽሑፎች እንደሚሉት ኦላቭ ለመሆን አሥራ ሁለት ዓመት መማርና 350 ታሪኮችን በቃል መያዝ ያስፈልግ ነበር። «ባርድ» የሚለው ስም በእነርሱ ዘንድ ከፊሊ በታች ላለው፣ ያን ያህል ላልተማረው ገጣሚ የሚሰጥ ነው። የ1978ቱ መጽሐፍ የባርዶቹን ማዕረግ ስም የወሰደው ከእነዚሁ ሰዎች ነው። ስማቸውን ሲወስድ ግን ኑሯቸውን ገለበጠው። ፊሊ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዛፍ ላይ የሚወጣ ሰው ነበር። አባቴ ይወደው ነበር።

*

እንግዲህ የትኛው ነው ትክክል? አንድ ዛፍ ወይስ ብዙ?

እዚህ ላይ ወደ ራሳችን አዝማሪ መመለስ ግድ ሆነብኝ። አዝማሪ ማሲንቆውን ይመታል። ወዲያው ከአፉ ግጥም ያወጣል። ከአንዱ አገር የሰማውን ወሬ ለሌላው ያደርሳል። ጌታውን ያወድሳል፤ ሰምና ወርቅ አድርጎም ይሰድባል። ከዘማች ጋር ዘምቶ የፈሪውን ልብ ይመልሳል። ቢቆጠር አምስት ሙያ ነው። በ1929 ዓ.ም. ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ በኋላ ግራዚያኒ ከጠንቋዮች ጋር እየዞሩ የሚተርኩና የሚዘፍኑ ሰዎች ተይዘው እንዲረሸኑ አዝዞ ነበር። መድፍና አውሮፕላን ያለው ሰው እንጨትና የፈረስ ጭራ የያዘውን ለምን ይፈራዋል? የፈራው ዜማውን አይመስለኝም። የፈራው ወሬው፣ ትንቢቱና ዜማው በአንድ አፍ መገናኘታቸውን ነው። እያንዳንዱን ለየብቻው ብንወስደው ወታደር የሚያሰማራ አልነበረም።

ነገር ግን አንድ አዝማሪ «ሙያህ ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ አምስት አይቆጥርም። «አዝማሪ ነኝ» ይላል። ቅጹ ላይ ያለችው አጭር መስመር ትበቃዋለች። ለምን?

መልሱን ያገኘሁት ከአየርላንድም ከጎንደርም አይደለም፤ የወንድሜ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የአምስተኛው እትም ደንብ፣ ባርድ ከመጀመሪያው ደረጃ ጀምሮ ባርድ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ላይ ያልተማረውን ነገር ሁሉ በግማሽ እንዲችል የሚያደርግ ችሎታ ይሰጠዋል። ሌላ ሙያ መቀላቀል ለሚፈልግም በሩ ክፍት ነው። ባርድ ኃይሉን የሚያገኘው ግርማ ሞገስ ከሚባለው ችሎታ ስለሆነ፣ በዚሁ ችሎታ የሚኖሩ ሌሎች ሙያዎች ይስማሙታል። ፓላዲን አለ፤ በመሐላ የታሰረ ፈረሰኛ ነው። ዋርሎክ አለ፤ ከኃያል መንፈስ ጋር ውል ተዋውሎ ኃይል የሚቀበል ነው። ከግቢያችን ተማሪዎች አንዱ «ሁለት ደረጃ ዋርሎክ ብቻ ውሰጂ፤ ከሩቅ የምትመቺበት ታገኛለሽ፤ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎ መከረኝ።

ሂሳቡ ግን ምሕረት የለውም። ጣሪያው ሃያ ነው። ለአንዱ የተሰጠ ደረጃ ከሌላው የተወሰደ ነው። የባርድ ከፍተኛው አስማት የሚከፈተው በባርድነት አሥራ ሰባተኛው ደረጃ ላይ ስለሆነ፣ ከሦስት ደረጃ በላይ ሌላ ቦታ ያዋለ ሰው እስከ መጨረሻው አይደርስበትም። በአንድ ተራ ሁለት ጊዜ የመምታት ችሎታን ከሁለት ሙያ የተማረም ሁለት ጊዜ እንጂ ሦስት ጊዜ አይመታም፤ ሁለተኛው ትምህርት ከንቱ ነው። ይህን ሁሉ የሚያውቅ ተጫዋች እያንዳንዷን ደረጃ እንደ ጨው ለክቶ ነው የሚጨምረው።

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር ልምጣ። ባርድን ባርድ የሚያደርገው ዋናው ነገር አንዲት ጠጠር ናት። ባርዱ ዘፍኖ ወይም ተናግሮ ጠጠሯን ለጓደኛው ይሰጣል። ጓደኛው በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚከብድ ነገር ሲገጥመው፣ ባለ ሃያ ገጹን ጥሎ ቁጥሩ ካነሰው ያቺን የተሰጠችውን ይጨምርበታል። ጠጠሯ መጀመሪያ ባለ ስድስት ገጽ ናት፤ በባርድነት አምስተኛ ደረጃ ባለ ስምንት፣ በአሥረኛው ባለ አሥር፣ በአሥራ አምስተኛው ባለ አሥራ ሁለት ገጽ ትሆናለች። ደንቡም እንዲህ ይላል፤ ባርዱ ጠጠሯን ለሌላ እንጂ ለራሱ ሊሰጥ አይችልም።

ይህን ሳነብ የልጁ ጥያቄ መልኩን ለወጠብኝ። ዋርሎክነትን ብቀላቅል የምጎዳው እኔ መስሎኝ ነበር። ለካስ አይደለም። እኔማ ከሩቅ የምመታበት አገኛለሁ። ሳታድግ የምትቀረው ለሌላው የምሰጣት ጠጠር ናት። እኔ ለራሴ ባጠናሁት ልክ ጓደኛዬ ድልድዩ ላይ ሲንሸራተት የሚጨብጠው ነገር ያንሳል።

አዝማሪው «አዝማሪ ነኝ» ብሎ የሚያበቃውም ስለዚህ ይመስለኛል። ወሬው፣ ግጥሙ፣ ሽለላው፣ ስድቡ ሁሉ የሚፈሰው ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ወደ አድማጩ ነው። እነዚህ አምስት ዛፎች አይደሉም፤ የአንድ ዛፍ አምስት ቅርንጫፎች ናቸው። ስለዚህ «ስንት ሙያ አለሽ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ለማን ነው?» የሚለው መቅደም አለበት።

*

ይህን ግኝቴን ለፋርማሲስቱ ጎረቤቴ በኩራት ነገርኩት። ሰውየው ቀልደኛ ነው፤ በዚያን ጊዜ ግን አልቀለደም።

«የሞተ ባርድ ለማንም ጠጠር አይሰጥም» አለኝ። «ጋሻ የሌለው ዘፋኝ መጀመሪያ ይሞታል። አንቺም ኪራይ ካልከፈልሽ የምትጽፊበት ጠረጴዛ የት አለ?»

ልክ ነው። ስለ አንድ ዛፍ የሚሰብኩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ዛፉን ከአባታቸው የወረሱ ናቸው። በጨዋታው ሁላችንም ከአንደኛው ደረጃ እኩል እንጀምራለን፤ በኑሮ እንዲህ አይደለም። ልጆቿን ለማሳደግ ጠዋት እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ፣ ቀን ልብስ የምታጥብ፣ ማታ ጥበቃ የምትገባ እናት ሁለት ዛፍ ላይ ወጣሽ ብሎ የሚገሥጻት ሰው ኅሊና የለውም። የእሷ ሦስቱ ሥራ አንድ አድራሻ አለው። ይልቁንም የተረቱን ፍርድ ከእሷ ይልቅ እኔ መፍራት አለብኝ፤ ጋሻዬን ያነሣሁት ለመኖር ነው፣ ነገር ግን ጋሻው ሲያድግ አላስተዋልኩም።

እዚህ ላይ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። ከዛሬ አራት ዓመት በፊት በእናቴ አገር፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ፣ የሦስት አልቃሾችን ሙሾ በስልኬ ቀድቼ ነበር። ከሦስቱ ትልቋ በአካባቢው ለሞተ ሰው ሁሉ ያለቀሱ፣ የሟቹን ዘር ማንዘርና ሥራውን በአንድ ትንፋሽ የሚያወርዱ እናት ናቸው። ቅጂው ውስጥ የማልረዳቸው ቃላት ነበሩ። «ጽፌ አምጥቼ አነብልዎታለሁ፤ ያልገባኝን ይነግሩኛል» አልኳቸው። «ሳልሞት ነይ» አሉኝና ሳቁ።

ከዚያ የአንድ ድርጅት የማስታወቂያ ሥራ መጣ። ገንዘቡ ጥሩ ነበር። ኪራዬንማ ትርጉሙ ይሸፍነዋል፤ ይህኛው ትርፍ ነበር። «ለስድስት ወር ብቻ» አልኩ። ስድስቱ ወር ሦስት ዓመት ሆነ። ባለፈው ጥር ሴትዮዋ ማረፋቸውን ከአክስቴ በስልክ ሰማሁ። ለሰው ሁሉ ያለቀሱት እናት በተቀበሩ ዕለት ማን እንዳለቀሰላቸው አልጠየቅሁም። ለመጠየቅ አፈርኩ። ቃላቱ አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ፤ ድምፁ ይሰማል፤ ትርጉሙ ግን ከእሳቸው ጋር ሄዷል።

በእነዚያ ሦስት ዓመታት የከሰረ ሰው ቢፈለግ እኔ አይደለሁም። እኔ አዲስ ፍሪጅ ገዝቻለሁ።

*

ስለ አባቴ ደግሞ አንድ ነገር ሳልል ብቀር እበድለዋለሁ። የአንድ ሙያ ሰው ነበር ብያለሁ። ሲሞት ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች የሚያወሩትን ስሰማ ግን ሌላ አባት አገኘሁ። ሃያ ዓመት የእድር ጸሐፊ ነበር። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቹ ከዐረብ አገር የመጣ የልጅ ደብዳቤ ያነብላቸው፣ መልሱን ይጽፍላቸው ነበር። ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽማግሌ ተብሎ ይጠራል። ይህን ሁሉ ሙያ ብሎ ጠርቶት አያውቅም። መኪናው በመንገድ ዳር ስለነበር ሰው ይቆማል፤ ሰው ሲቆም ደብዳቤ ይወጣል፤ ደብዳቤ ሲነበብ የቤት ችግር ይወራል። ሁሉም ከዚያች ከሲንጀር መኪና ሥር የበቀለ ነበር።

እና አባቴ ስለ ሁለት ዛፍ ሲነግረኝ አንድ ነገር ብቻ ሥሪ ማለቱ አልነበረም ብዬ አምናለሁ። እሱም አልሠራውም። ምናልባት የሚጠይቀኝ ግንዱ የቱ እንደሆነ ነበር። ያን ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ እሱ ራሱ ይነግረኝ ነበር፤ እኔ ግን እንደ ተግሣጽ ቆጥሬው ዝም አልኩ።

በሳምንቱ እሑድ አምስታችን ተሰበሰብን። የወንድሜ ልጅ «እሺ አክስቴ፣ ወሰንሽ?» አለኝ። አምስተኛውን ደረጃ በባርድነት ቀጠልኩ። ዋርሎክን የመከረኝ ተማሪ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ጨዋታ ስሌት እሱ ሳይሻል አይቀርም። የማስታወቂያውን ሥራ በዚያው ሰሞን ተውኩት፤ ትርጉሙን ይዣለሁ፤ ጋሻ ነውና። ከሦስቱ አልቃሾች ሁለቱ በሕይወት አሉ። መንገዱ ሲደርቅ ወረቀቴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከእነርሱ ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ የትልቋን ቃላት የሚያውቅ ሰው ካለም እፈልጋለሁ። ባላገኝ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቄ ነው የምሄደው።

በዚያ እሑድ የፋርማሲስቱ ተዋጊ ከሚነድ ጎተራ ውስጥ ሕፃን ለማውጣት ገባ። አሥራ አምስት ያስፈልገው ነበር፤ ጠጠሩ አሥር ላይ ቆመ። ወደ እኔ ዞረ። አዲሷን ባለ ስምንት ገጽ ጠጠር ቀድሞ ሰጥቼው ነበር። ጣላት፤ ስድስት ወጣ። ሁላችንም ጮኽን። በባለ ስድስቷም ስድስት ሊወጣ ይችል ነበር ብሎ የሚከራከረኝ ሰው ቢኖር፣ አዎን፣ ይችል ነበር። እኔ ግን ከሰጠኋት በኋላ ማድረግ የምችለው ከእጁ ስትወጣ ማየት ብቻ ነበር።